የኤሌክትሪክ መኪናው ጉደር ሲደርስ

የጉደር ወንዝ ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ውኃውም ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ ተርባይን ከሚያዞሩት አንዱ ነው። ከዚያ የሚመነጨው ኃይል ተመልሶ ጉደር ከተማ ውስጥ አንድ መኪና ቻርጅ እስኪያደርግ ድረስ ግን በብዙ እጅ ያልፋል። ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የቤት ቆጣሪ፣ በመጨረሻም መኪናው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር አለ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በሀገራችን የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ጫፍ፣ ማለትም በግድቡ፣ ላይ ያተኩራል። ችግሩ ያለው ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። ከአዲስ አበባ በግምት 125 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከአምቦ በስተምዕራብ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው የቶኬ ኩታዬ ወረዳ ዋና ከተማ ጉደር ደግሞ ይህን ጫፍ ለማየት ከመዲናዋ የተሻለች ናት።

ክልከላው ምን ለወጠ?

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲገልጹ ዜናው ዓለምን ዞረ። መነሻው የአየር ንብረት ብቻ አልነበረም፤ ዋናው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ሀገሪቱ ለነዳጅ ግዢ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ገንዘቡ ሁሉ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነው። ለነዳጅ መኪና የሚወጣው ዶላር መኪናው እስካለ ድረስ ሌላ ዶላር እየጠራ ይኖራል። ለኤሌክትሪክ መኪና የሚወጣው ግን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚበላው በብር የሚከፈል የሀገር ውስጥ ኃይል ነው። ሂሳቡ በዚህ መልኩ ሲቀርብ ውሳኔው ትርጉም ይሰጣል።

ከክልከላው በፊት የግብር ማበረታቻው መንገዱን ጠርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ሲከፍል፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ከዚያም ነፃ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያረጀ የነዳጅ መኪና እስከ 500 በመቶ ይጣልበት ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሆን ነጋዴው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም። መንግሥት እስካሁን ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ገብተዋል ይላል።

ፖሊሲው የወሰነው ግን የሚገባውን እንጂ ከገባ በኋላ የሚሆነውን አይደለም። በወደብ ላይ የሚሠራ ፖሊሲ በአንድ ደብዳቤ ተግባራዊ ይሆናል። ትራንስፎርመር መቀየር፣ መካኒክ ማሠልጠን፣ የኃላፊነት ሕግ ማስተካከል ግን ዓመታት ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የሚከብደው እንደ ጉደር ባሉ ከተሞች ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አማራጭ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. እጅግ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ ከፍቷል፣ የግል ጣቢያዎችም አሉ፣ የቻይና መኪና ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል። ከሆለታ፣ ከአዲስ ዓለምና ከግንጪ ወዲያ አማራጩ እየሳሳ ይሄዳል።

ግድቡ ይበቃል፤ ሰፈሩስ?

ብዙ ሰው «መብራት እየጠፋ መኪና እንዴት ቻርጅ ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። እጥረቱ የማመንጨት አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል ብንል፣ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። መቶ ሺህ መኪና በዓመት 288 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በዓመት ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። መቶ ሺህ መኪናዎች ከዚህ ውስጥ ሁለት በመቶውን እንኳ አይወስዱም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለዲጂታል ገንዘብ «ማዕድን አውጪዎች» የሸጠው ኃይል ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እንቅፋቱ ኃይሉ የሚደርስበት መንገድ ነው። ከፊንጫ ማመንጫ የሚነሳው 230 ኪሎቮልት መስመር በጌዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። የምዕራብ ሸዋ ሰው ብዙ ኃይል በላዩ ሲያልፍ እያየ ማታ አምፖሉ ሲደበዝዝበት ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። የኤሌክትሪክ መኪና ዕጣ የተንጠለጠለው በሁለተኛው ላይ ነው። ለግድብና ለከፍተኛ መስመር የፈሰሰው ገንዘብና ትኩረት ግን ለሰፈር ትራንስፎርመር አልደረሰም።

ለምሳሌ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጉደር ያለ አንድ ሰፈር እንውሰድ። በሀገራችን ቤት ውስጥ ትልቁ ኃይል ጠጪ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ኪሎዋት ይስባል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀርም ከዚህ ብዙ የማይርቅ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። እዚህ ላይ «እንግዲህ መኪና ማለት አንድ ተጨማሪ ምጣድ ነው» ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። እንጀራ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይጋገራል። የጎረቤቶች ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይለኮስ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል፤ የማከፋፈያ መረብ ስሌትም የቆመው በዚህ ግምት ላይ ነው። መኪና ግን ስምንትና አሥር ሰዓት ያለማቋረጥ ይስባል። በዚያ ላይ ባለመኪና ሁሉ ቤቱ የሚገባው በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያውም ከእራት ማብሰያው ጋር ነው። ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ላይ አሥር መኪና ቢጨመር ወዲያው አይቃጠልም። ሌሊት ቀዝቅዞ ማደር የነበረበት ዘይት ግን ሳይቀዝቅዝ ያነጋል፤ ዕድሜው ያጥራል። ሲቃጠልም መኪና ያለውም የሌለውም እኩል ይጨልምበታል።

ከዚህ የሚያንስ የሚመስል፣ ነገር ግን በየቤቱ የሚያጋጥም ችግርም አለ፦ ኧርዝ። የመኪና ቻርጀር የምድር መስመር መኖሩን ሳያረጋግጥ ኃይል አይለቅም፤ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። የብዙ ቤቶቻችን ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው ሽቦ የለም። ትክክለኛው መፍትሔ ዘንግ ቀብሮ ኧርዝ ማሠራት ነው። ርካሹ መፍትሔ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ማታለል ነው። ያን ጊዜ ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ቢበጠስ የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን ማን ይመረምራል? የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ኃላፊነት እስከ ቆጣሪው ነው። የመኪና ምርመራው ደግሞ ቤት ገብቶ ሶኬት አይፈትሽም።

ፈጣን ጣቢያ ሌላ ነገር ነው። 120 ኪሎዋት የሚሰጥ አንድ ቻርጀር ከላይ ያየነውን የሰፈር ትራንስፎርመር አቅም ከግማሽ በላይ ለብቻው ይወስዳል፤ ስለዚህ የራሱ ትራንስፎርመርና የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመር በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ተወዷል።

የወጪው ስሌትና የተደበቀው እርከን

ባለመኪናውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚገፋው የየዕለት ወጪው ነው። ቤንዚን በሊትር 120 ብር፣ አንድ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይፈጃል ብለን ብንይዝ 960 ብር ይመጣል። ለኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብንይዝ ደግሞ 96 ብር ነው። አሥር ለአንድ። ግምቱን ትንሽ ብናዛባው እንኳ የድምዳሜው አቅጣጫ አይቀየርም። ከጉደር አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ በነዳጅ ከ2 ሺህ ብር በላይ የሚያወጣ ሰው በኤሌክትሪክ ከ300 ብር በታች ይጨርሳል።

ይህ ክፍተት ግን እንዲሁ አይቆይም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በኪሎዋት ሰዓት ብዙ ይከፍላል። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት ደግሞ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀምን መኖሪያ ቤት የቫት ከፋይ ያደርገዋል። በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃው የነበረ ቤተሰብ በመኪናው 240 ሲጨምር በአንድ ዝላይ ወደ 360 ይወጣል፤ እርከኑም ታክሱም አብረው ይመጣሉ። እርከኑ የተሠራው ብዙ ኃይል የሚጠቀም ቤት ሀብታም ነው በሚል እሳቤ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ እያለ በሌላው እጁ የገዛውን ይቀጣል ማለት ነው። ሀብታሙን አስከፍሎ ድሃውን መደጎም ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን ታስቦበት የተደረገ አይመስልም። የሚሻለው የሌሊቱን ኃይል ለይቶ፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋት፣ በርካሽ መሸጥ ነበር። ይህ ትራንስፎርመሩንም ያሳርፈዋል። ለዚያ ግን ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ከጥንቱ ቆጣሪም ሆነ ከካርድ ቆጣሪው አብዛኛው ይህን አይሠራም።

ከኔትወርክ የተቆረጠ ዘመናዊ መኪና

እስካሁን የተባለው መኪናውን እንደ ትልቅ ባትሪ ቆጥሮ ነው። በመንገዶቻችን ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን፣ አይዲ ፎርም ሆነ አይዲ ሲክስ፣ ወይም የተለያዩ የቢዋይዲ ሞዴሎች፣ ጎማ ያላቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። ትልቁ ክፍላቸው ለቻይና ገበያ ተሠርተው፣ በነጋዴ እጅ ዞረው የመጡ ናቸው። በቻይና ሕግ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪውንና የሞተሩን ሁኔታ በውስጡ ባለው ሲም አማካይነት ለአምራቹና ለመንግሥት መከታተያ ማዕከል ያለማቋረጥ እንዲልክ ተደርጎ ይሠራል። ሶፍትዌሩ በአየር ይታደሳል። ባለቤቱ በስልኩ መተግበሪያ ቻርጁን ያያል፣ በር ይከፍታል፣ ሲበርድ ያደረውን መኪና ያሞቃል። መተግበሪያው የሚከፈተው ግን በቻይና ስልክ ቁጥር ነው።

መኪናው ጂቡቲ ሲደርስ ይህ ሁሉ ይቆረጣል። ሲሙ አይሠራም፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ መተግበሪያው አይከፈትም። ኃይል መሙያው ጫፍ እንኳ የቻይናው ጂቢ/ቲ ስለሆነ በአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ከተሠራ ጣቢያ ጋር ያለ አስማሚ አይገጥምም። በሌላው ዓለም ስለ «የተገናኘ መኪና» የሚነሳው ስጋት ግንኙነቱ በዛ የሚል ነው፤ ማን ይሰልለናል፣ ማን ከሩቅ ያቆመናል ይባላል። ጉደር ላይ ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ግንኙነት እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ መኪና ያለ ግንኙነት እየተነዳ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተወራ ነበር። በቻይና አንድ ሞዴል የባትሪ አያያዝ ወይም የፍሬን ሶፍትዌር ጉድለት ቢገኝበት አምራቹ ማስተካከያውን በአየር ይልካል። የሀገሪቱ የገበያ ተቆጣጣሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ እንደ መኪና ጥሪ (ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና እንደ መመለስ) ቆጥሮ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ሼንዠን ያለው መኪና ተኝቶ ሲያድር ይታከማል። አምቦ ያለው፣ በዚያው ፋብሪካ በዚያው ቀን የተሠራው መንታው፣ ከነጉድለቱ ይነዳል፤ ባለቤቱም ጥሪ መኖሩን አይሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ስክሪኑን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። የሚጭኑት ሶፍትዌር ከየት እንደመጣና ምን እንደነካ የሚያረጋግጥ አካል ግን የለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የሳይበር ደህንነትና የሶፍትዌር እድሳት ሥርዓት ማረጋገጫ እንደሚጠይቅ ስናስብ ክፍተቱ ይገለጥልናል።

በመንገዱ ላይ ያለው ኔትወርክም አስተማማኝ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር፤ የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎችም በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ለወራት ተቋርጦባቸዋል። በቴሌብር ብቻ የሚከፈልበት፣ በመተግበሪያ ብቻ የሚከፈት የኃይል መሙያ ጣቢያ በእንዲህ ያለ ቀን ቁም ሳጥን ነው። በእርግጥ ነዳጅም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወስኗል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የቤንዚን ወረፋ ምን እንደሚመስል አሽከርካሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ አንጻር የሀገራችን የነዳጅ መኪናም ከተገናኘ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ ነዳጅ በጀሪካን ይመጣል፤ ያውም በጥቁር ገበያ። ኤሌክትሪክ ይህ መውጫ የለውም።

ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

የሕጉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ወይም «ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው» የሚሉትን መከላከያዎች ይዘጋል። ሕጉ የተጻፈው አምቦ መንገድ ላይ ጥቂት መኪኖች በሚሄዱበት ዘመን ነበር፤ ሐሳቡ ግን ብልህ ነው። የተጎዳው ሰው የመኪናውን ውስጥ እንዲመረምር አይገደድም፤ ካሣውን ከባለቤቱ ይቀበላል። የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 799/2005ም በዚሁ መንፈስ ቆሟል። ለተጎጂው የኤሌክትሪክ መኪና ምንም አዲስ ነገር አያመጣም፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ነው።

ጥያቄው ከከፈለ በኋላ ባለቤቱ ወደ ማን ይዞራል የሚለው ነው። ፍሬኑ በሶፍትዌር ምክንያት ዘገየ እንበል። ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደ አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠሪው ግን ቻይና ነው፤ «ለኢትዮጵያ አልሸጥኩም፣ ያልታደሰ ሶፍትዌር ይዞ ነው የተነዳው» ሊል ይችላል። አስመጪው ደግሞ ሠሪ አይደለም። ሻጩን በሽያጭ ሕጉ የጉድለት ዋስትና መያዝ ይቻላል፤ ለጉድለት የሚቀርብ ክስ ግን አጭር ጊዜ አለው፣ የሶፍትዌር ጉድለት ደግሞ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከዚያም ማስረጃው ይመጣል። አደጋው በደረሰባት ሰከንድ መኪናው ምን እንዳሰበ የሚናገረው መዝገብ በአምራቹ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ ነው። የአምቦ ትራፊክ ፖሊስ የጎማውን ጭረት በሜትር ይለካል፤ ያንን መዝገብ የሚከፍትበት ቁልፍ ግን የለውም። በዚህ ሁኔታ ተከራክሮ ማሸነፍ የሚችል ባለመኪና ብዙ አይኖርም፤ ኪሣራው እሱ ጋ ይቀራል።

መፍትሔው አዲስ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጻፍ አይደለም። የተገጣጠመ መኪና የሚያስገባን ነጋዴ ለኃላፊነት ጉዳይ እንደ ሠሪ የሚቆጥር አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር። ሲያስገባም ሶፍትዌሩ በሕጋዊ መንገድ ለኤክስፖርት የተስተካከለ መሆኑን፣ የአምራች ጥሪዎችን ለገዢው የሚያደርስ መሆኑንና የመመርመሪያ መሣሪያ በሀገር ውስጥ መኖሩን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይቻላል። ይህ መኪናውን ያስወድደዋል። ትንንሽ አስመጪዎችንም ከገበያ ያስወጣል፤ ውድድሩ ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራል። ያም ሆኖ ዛሬ ርካሽ የሚመስለው መኪና የተደበቀ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው አደጋ ወይም ብልሽት ሲመጣ ነው።

ከካሣው ሌላ የመረጃ ጥያቄም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወደ ውጭ የሚሻገር መረጃ ላይ ገደብ አስቀምጦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ተቆጣጣሪ አድርጓል። ዛሬ ሲሙ ስለተቆረጠ አብዛኛው መኪና ዝም ብሏል። ነገ አምራቾች በይፋ ሲገቡና የኢትዮጵያ ሲም ሲገጥሙ መኪናው የት እንዳደረ፣ ማን ጋ እንደቆመ ውጭ ላለ አገልጋይ መናገር ይጀምራል። ኬላ በበዛበት፣ የጸጥታ ችግር ባልራቀው መንገድ ላይ የጉዞ መረጃ እጅግ ስሱ ነው። ስለዚህ የግንኙነቱን በር ስንከፍት አዋጁ አብሮ መግባት አለበት፤ እድሳቱ ይግባ፣ የጉዞ ታሪኩ ይቅር የሚል ድርድር የሚቻለው ፈቃድ ከመስጠት በፊት ነው።

ባለድርሻው በዝቶ ኃላፊው ጠፋ

ጉደር ላይ አንድ የኃይል መሙያ ጣቢያ ለመክፈት የሚፈልግ ባለሀብት ብዙ በር ያንኳኳል። መሬቱ የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ በሊዝ አዋጅ ይገዛል። ንግድ ፈቃዱ የክልል፣ ኃይሉና ትራንስፎርመሩ የፌዴራሉ አገልግሎት ነው። የጣቢያው ደረጃና የመሸጫ ታሪፉ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ይወድቃል። የቻርጀሩን ቀረጥ ጉምሩክ ያያል፤ የመኪናዎቹን ምዝገባና ቦሎ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ይይዛል። የ2006ቱ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ኃይል መሸጥን በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ስላደረገው ከአገልግሎቱ ገዝቶ ለመኪና መልሶ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ነው ወይስ ኃይል አከፋፋይ የሚለው ራሱ ማብራሪያ ይፈልግ ነበር። ባለሥልጣኑ ለኃይል መሙያ ጣቢያ መመሪያ ማዘጋጀቱ ይህን ጥያቄ ያቀለዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ከፈቃድ ሰጪዎቹ አንዱም «ጉደር በዚህ ቀን ኃይል ታገኛለች» ብሎ የመፈረም ግዴታ የለበትም።

የባትሪው መጨረሻም እንዲሁ ነው። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 አሉ። ሦስት መቶና አራት መቶ ኪሎ የሚመዝን ያረጀ ባትሪ ከጉደር ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሥርዓት አልተዘረጋም። ባትሪዎቹ ገና አዲስ ስለሆኑ ጥያቄው ዛሬ አያስቸኩልም።

ወዴት ያመራል?

የመጀመሪያው ዕድል አሁን ባለበት መቀጠሉ ነው። መኪናው የአዲስ አበባ ሰው ዕቃ ሆኖ ይቆያል። ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኖ አምቦ ይመጣል፣ ጉደር ፏፏቴ ደርሶ ይመለሳል። ደርሶ መልስ 250 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለጤነኛ ባትሪ ከባድ አይደለም። ከጉደር ወደ መዲናዋ ሲመለስ ወደ 400 ሜትር መውጣት ቢኖርም ዳገቱ ለሁለት ቶን መኪና ሁለት ወይም ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ቢጨምር ነው። ከጉደር ወደ ጌዶ፣ ባኮና ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ ግን ይዘጋል። አዲስ አበባ ነቀምት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከሉ አስተማማኝ ጣቢያ ከሌለ ወለጋ ለኤሌክትሪክ መኪና ሩቅ ሀገር ትሆናለች። ሲመሽ መንገድ ላይ መቆም በማይመከርበት አካባቢ ሦስት ሰዓት ቆሞ ቻርጅ ማድረግ አማራጭ አይደለም። በዚህ መንገድ ከሄድን የነዳጅ መኪና እየተወደደ፣ እያረጀና ክፍለ ሀገር እየቀረ ይሄዳል፤ ክልከላው የከተማውን አየር አጥርቶ አሮጌውን ቅጥቅጥ ለጉደር ይተዋል።

ሁለተኛው በየመንገዱ ፈጣን ጣቢያ መትከል ነው። በጣም የሚወራለት ይሄ ነው፤ እኔ ግን ለጉደር ቀዳሚ ሊሆን ይገባል ብዬ አላምንም። በቀን ጥቂት እንግዳ መኪና ብቻ የሚቆምበት ባለ 120 ኪሎዋት ጣቢያ ብድሩን መክፈል አይችልም። ባለሀብቱ ሳይሳሳት ነው ከአዲስ አበባ የማይወጣው። ይህ አማራጭ የሚሠራው አውራ ጎዳናውን እንደ መንገድ መሠረተ ልማት ቆጥሮ መንግሥት ወጪውን ከተጋራ ነው፤ ያኔም ቢሆን አምቦ ላይ አንድ፣ ነቀምት ላይ አንድ ቢኖር ለጊዜው ይበቃል።

ሦስተኛውና ብዙ ያልተወራለት መናኸሪያውን መጀመሪያ ማድረግ ነው። አምቦና ጉደርን የሚያመላልሱ ሚኒባሶች አጭር መስመር አላቸው፤ የሚነሱበትና የሚያድሩበት ይታወቃል። አንድ ሚኒባስ በቀን 220 ኪሎ ሜትር ቢሠራና በ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 55 ይፈልጋል። ሃያ ሚኒባስ በሌሊት ስምንት ሰዓት ውስጥ ለመሙላት 140 ኪሎዋት ገደማ ይበቃል። ይህ አንድ ትራንስፎርመር፣ አንድ ግቢ፣ በትክክል የተቀበረ አንድ ኧርዝና አንድ ቆጣሪ ማለት ነው። የሰፈሩን መረብ አይነካም፣ የሌሊት ታሪፍ ለመሞከር ይመቻል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም በመዝገብ ይሠራል። ሃያ መኪና የያዘ ማኅበር ከአስመጪው ጋር ሲደራደር የእድሳትና የመለዋወጫ ግዴታን ውል ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ብቻውን የገዛ ሰው ይህ አቅም የለውም። ሚኒባሶቹ በሀገር ውስጥ ቢገጣጠሙ ደግሞ ገጣጣሚው በቁጥር 2085 ፊት ቆሞ «እኔ ሠሪ አይደለሁም» ለማለት ይቸግረዋል።

ደካማ ጎኑ መነሻ ገንዘቡ ነው። አሮጌ አባዱላ ይዞ የሚያድር ባለንብረት አዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ በእጅ በእጅ አይገዛም። ባንክ የሚያበድረው ባትሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ ሲያውቅ ነው፤ መድን ድርጅቱም እንዲሁ። ለዚህ የሚሆን የባትሪ ጤና ምርመራ የለም፤ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ለፍሬን፣ ለመብራትና ለጭስ የተሠራ ነው። ምርመራውን ለማምጣት ግድብ አይጠይቅም። በየምርመራ ጣቢያው የሚያነብ መሣሪያ፣ የሚያነብ ባለሙያና አንድ ተጨማሪ ገጽ ያለው ቅጽ ይበቃል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ቅርብ ነው፤ ባለሙያውን ለማሠልጠን አዲስ ተቋም መፍጠር አያሻም።

ከሦስቱ የትኛው እንደሚመጣ ዛሬ ባለው ምልክት ስገምት የመጀመሪያው ያመዝናል፤ ምክንያቱም ማንም ምንም ሳያደርግ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው በዕርዳታ ወይም በትልቅ ድርጅት ውሳኔ በአንድና በሁለት ከተማ ብቅ ሊል ይችላል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ፣ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮና አንድ የሚኒባስ ማኅበር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ይፈልጋል። የታሪፉ የመጨረሻ ጭማሪ ከመድረሱ በፊት ከተቀመጡ የአሥር ለአንዱ የወጪ ልዩነት ብድሩን ለመክፈል ይበቃቸዋል።